ያዝ የማታደርግ ብረት

ይድረስ ጅማ ለምትኖረው ልጄ ለሙዓዝ። አሰላሙ ዓለይኩም፤ የአላህ ጥበቃ ካለህበት አይለይህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሐይቁም ዘንድሮ ሞልቷል።

ጋራዡ ሥራ አላጣም። ባለፈው ሳምንት የአሻግሬን ሚኒባስ የቫልቭ ክፍተት አስተካከልኩለት። ታውቀው የለ፣ ስሷን የመለኪያ ብረት ክፍተቱ ውስጥ ከትተህ ስትስባት ያዝ ካደረገች ልኩ እሱ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የለካሁት። በማግስቱ አሻግሬ «ኑርዬ፣ መኪናው የደሴን ዳገት እምቢ አለኝ» ብሎ ተመለሰ። ለካ ከልኩ በላይ አጥብቄው ኖሯል። ብረቷ አልይዝ ስላለችኝ ነው። የዛሬ ዕቃ መናኛ ነው ብዬ የድሮውን መለኪያ ከሣጥን አወጣሁ፤ እሱም ያው ሆነብኝ። እህትህ ኢንሳፍ ግን ሁለቱንም ስባ «አባ፣ ይይዛል እኮ» አለችኝ። እንድትለምደው ብዬ አሁን መለካቱን ለሷ ትቼላታለሁ።

ይህንንም እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው እሷ ናት። የዘንድሮ እስክርቢቶ ቀጭን ነው፤ ከእጅ ይወድቃል። ለእናትህ ስትደውል ይህን አታንሳባት።

ለዒድ በሰላም ያምጣህ። ስትመጣ እጄን ጠበቅ አድርገህ ጨብጠኝ።

አባትህ ኑርዬ