የሰማንያ አንድ ዓመቷ አራስ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤና ከእርስዎም ከመላው ቤተሰብዎም እንዳይለይ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ ወግ እንዳይቆጥሩብኝ፤ የታመመ ሰው መውጫው በእርስዎ መስኮት በኩል ብቻ መሆኑን ካየሁ ወዲህ ለጠላቴም ቢሆን በሽታ አልመኝም።

እኔ በሙያዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እንደ እርስዎ ሁሉ እኔም ለሰው ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኔ መታጠቢያ ቤት የሌለውን ሰው ለመታጠቢያ ቤት ጥገና አስከፍዬ ስለማላውቅ፣ ከእርስዎ ክፍል ገና ብዙ መማር እንደሚቀረኝ ተረድቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰማንያ አንድ ዓመቷ እናቴ በሁለተኛው ፎቅ የሴቶች ክፍል አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ከታከመች በኋላ፣ ሐኪሟ ሐሙስ ጠዋት እኔንና ታላቅ እህቴን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ መድኃኒት የሚያደርግላት ነገር እንደሌለና የቀራትም ጥቂት ቀን እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። እናቴም ሳይነገራት ገብቷት ኖሮ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ ቤቷ፣ አባታችን ባረፈበት አልጋ ላይ መሞት። ሐኪሙ የመውጫ ወረቀቷን እዚያው ፈረመ። እህቴ ካፖርቷንና ጫማዋን አለበሰቻት፣ እኔም የጎረቤቴን መኪና ለምኜ በር ላይ አቁሜ ሒሳብ ልዘጋ ወደ እርስዎ ክፍል ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በሒሳብ ወረቀቷ ላይ «የጨቅላ ሕፃን ማሞቂያ፣ ሦስት ቀን» የሚል ስላገኘሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ታናሽ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

፪ኛ. የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ስህተት መሆኑን ወዲያው አምናልኛለች። የእናቴ የካርድ ቁጥር በአንደኛው ፎቅ ከወለደች አንዲት ወጣት ካርድ ጋር በአንድ አኃዝ ብቻ ይለያል፤ ሁለታችንም ስቀናል። ሳቃችንን ስንጨርስ ግን መሰረዝ እንደማትችል አስረዳችኝ። በእርስዎ አሠራር እናትና ሕፃን አብረው ይወጣሉ፤ የሕፃኑ መውጫ ሳይፈረም የእናቱ ሒሳብ አይዘጋም። ሕፃን ተረስቶ እንዳይቀር የታሰበ ደግ ሕግ ስለሆነ አልነቅፈውም። እናም የሕፃኑን መውጫ አስፈርሜ እንድመጣ በትሕትና ታዘዝኩ። ሕፃናት ክፍል ወጣሁ። እዚያ ያሉት ነርስ መነጽራቸውን አውልቀው ካዩኝ በኋላ፣ እውነተኛው ሕፃን ከእውነተኛ እናቱ ጋር ማክሰኞ መውጣቱን፣ ለሌለ ሕፃን ደግሞ ፈርመው ሥራቸውን እንደማያጡ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

፫ኛ. ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ የሌለውንም ልጅ እከፍላለሁ ብዬ ስለምን፣ ክፍያ ሌላ መውጫ ሌላ መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። መታወቂያዬን ላስይዝ አልኩ፤ አይሆንም። የጎረቤቴን መኪና ላስይዝ አልኩ፤ ሳላስፈቅደው ነበር፤ እሱም አይሆንም። የበር ጥበቃው ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ የመጣ በሽተኛ እንዳያሳልፍ ታዟል፤ እንጀራው ነውና አልፈረድኩበትም።

፬ኛ. አምስት አባላት ያሉት የሒሳብ ማስተካከያ ኮሚቴ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ነው፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ማመልከቻዬን በሦስት ቅጂ አስገብቼ ለምክትልዎ ሐኪሙ ያለንን ብነግራቸው፣ ትዕግሥት ጥሩ መሆኑን መክረው ወንበር ጋበዙኝ። ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ።

እናቴ ሐሙስን ሙሉ ካፖርቷን እንደለበሰች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ዓርብ ትስቅ እንደሆነ ብዬ የሕፃኑን ነገር ነገርኳት። ሳቀችም፤ ሰባት ስወልድ እንዲህ ያለ ምጥ የሌለው ወሊድ አላጋጠመኝም ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችው። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው ብላ አምስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አምስቱንም ጊዜ አሁን ነው እያልኩ ዋሸኋት። እሑድ መጠየቅ ተወች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ እንደገና ልለምን እርስዎ መስኮት ፊት ተሰልፌ ሳለሁ፣ እህቴ ደረጃውን ስትወርድ አየኋት። መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሰልፉ ወጣሁ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰው ቦታዬን ያዘ።

ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያጥርብዎ ይቅር ይበሉኝ። እናቴን በሽታ ነው የገደላት፤ ያንን በእርስዎ አላሳብብም። የእርስዎ ክፍል የወሰደባት ያቺኑ የቀረቻትን አራት ቀን ነው፤ ሌላ ምንም አልነበራትም። ተናድጃለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

፭ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን ለሰኞው ፍጥነትዎ ነው። አራት ቀን አልዘጋ ያለው ሒሳብ በአሥር ደቂቃ ተዘጋ። ለካ ኮምፒዩተሩ ላይ የመውጫው ምክንያት «ሞት» ከሆነ ሕፃን አይጠየቅም። ያቺው የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ማኅተሙን መታችልኝ፣ የሕፃኑም ክፍያ በራሱ ጊዜ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ፣ ጥበቃውም ኮፍያውን አውልቆ ሁለቱንም የበር ክፋይ ወለል አድርጎ ከፈተልን። መንገዱ ቀድሞም እንደነበረና የእናቴ ጥፋት በሕይወት መኖሯ ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሒሳብዎ ሁልጊዜ የሚገጥም፣ ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ ወላጆችዎም በገዛ አልጋቸው የሚያርፉ እንዲሆኑ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

በእናቴ ዘንድ ሰባተኛውና የመጨረሻው፣
በእርስዎ መዝገብ ግን ከመጨረሻው የሚቀድመው ልጅ፣
ቧንቧ ሠራተኛው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኮሚቴዎ ቃሉን አክባሪ ነውና በቀጠሮው መሠረት ማክሰኞ ተሰብስቧል። ከሰዓት በኋላ ከቀብር ስንመለስ ስልኬ ጮኸ። ድምፀ መልካም የሆነች አንዲት ሠራተኛዎ፣ ማመልከቻዬ ተቀባይነት ማግኘቱን፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም እናቴን ወደ ቤቷ ይዤ መሄድ እንደምችል ነገረችኝና እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት፤ ስልኩ ላይ ከእጄ የተረፈ አፈር ነበር።