ፍሪሲዮን የሚፈልገው ግራ እግሬ

ለአባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። እማ ደህና ናት፤ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ቤታችን ግን ጭር ብሎብናል። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስተህ ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው አንተ ነበርክ። ያኔ ሲቆጡህ የነበሩት ጎረቤቶች አሁን ያ ጩኸት ናፈቀን ይላሉ። እኔንም ናፍቆኛል አባዬ፤ በጣም።

አብረን የተወዳደርንባት መኪና እዚያው ዛፉ ሥር ቆማለች። መለዋወጫ ጠፋላት። እኔም አርባ ዓመት ስደፍን ውድድር በቃኝ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ የአዲስ አበባ ቡድን ለኤሌክትሪክ መኪና ውድድር ሾፌር እንደሚፈልግ ሰማሁና ደወልኩ። እጁ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሰው ልጅ፣ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ መኪና ስትነዳ አስበው! አቦ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው እንጂ መኪና ነው እንዴ እንደምትለኝ አውቃለሁ።

የመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ መንዳት ስታስተምረኝ ትዝ ይልሃል? ሞተሩ የሚፈልገውን መጀመሪያ የሚሰማው እግርሽ ነው ብለህ ግራ ጫማዬን አስወለቅከኝ። ፍሪሲዮኑ በድሬ ፀሐይ ግሎ እግሬን ሲፈጀኝ አለቅስ ነበር፤ አንተ ደግሞ ሐብሐብ እየበላህ ድገሚው ትለኛለህ። በኋላ ስንወዳደር አጠገቤ ሆነህ፣ ማርሽ የምቀይርበት ጊዜ ሲደርስ ትከሻዬን መታ ታደርገኝ ነበር። ገና ስትነካኝ እግሬ ሳላዘው ይረግጣል።

ያ እግር ነው ጉድ የሠራኝ። በመጀመሪያው የሙከራ ቀን ኩርባው ጋ ስደርስ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ሄደ። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። በዚያ ፋንታ የሰፊውን ፍሬን ጫፍ አገኘና ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ቀጥ አለች፣ እኔ ቀበቶው ላይ ተንጠለጠልኩ። በሚቀጥለው ኩርባም ደገመው። የቡድኑ አለቃ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን እግር ካላስተካከልኩ ቦታዬን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጥ በትህትና ነገረኝ።

ድሬ ተመልሼ ለእማ ስነግራት እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ከአልጋው ሥር ያንተን ሸበጥ አወጣችና፣ ይኸው፣ እግርሽን ካነሳሽ ይወልቃል አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ እሱን ለምኜ በየቀኑ በግራ እግሬ ሸበጥህን አድርጌ ነዳሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኩርባ በመጣ ቁጥር ይወልቅ ነበር። በአሥረኛው ቀን ሐርላ ደርሼ እስክመለስ አንዴም አልወለቀም። ደስ ሊለኝ ሲገባ መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ። አንተ ያስተማርከኝን በገዛ ሸበጥህ ያስረሳሁት መሰለኝ።

ባለፈው እሁድ ተወዳደርኩ። ሞተር አይጮህም፤ የሚሰማው ጎማው ብቻ ነው። መንሸራተት ሲጀምር ጎማው ቀድሞ ይነግርሃል፤ ትወደው ነበር። ግራ እግሬ ንቅንቅ ሳይል ሦስተኛ ወጣሁ። አለቃው ቦታው ያንቺ ነው አለኝ።

ይህን ግን ለማንም አልነገርኩም። ውድድሩ አልቆ መኪናዋን ካጠፋሁ በኋላ፣ ትከሻዬን መታ ያደረግከኝ መሰለኝ። ግራ እግሬን ለቀቅኩት። ወደ ጥግ ሄደና ባዶውን ወለል ረገጠ፤ እንደገናም ረገጠ።

አባዬ፣ እየነዳሁ ሳለ ላስብህ አልችልም፤ ካሰብኩህ ፍሬኑን እረግጣለሁ። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ግን፣ መኪናዋን አጥፍቼ ጫማዬን አወልቅና እግሬን እለቀዋለሁ። እንደልቡ ይፈልግህ።

ፍሪሲዮን በባዶ እግሯ ያስረገጥካት ልጅህ