ለምን ዋስ እንደሆንኩሽ

ውድ ግትርዬ፣

አዲሱ መሥሪያ ቤት እንዴት ይዞሻል? በቦታሽ የተተካው ሰውዬ ጨዋ ነው። ከሚጽፈው የኮምፒውተር ኮድ ሁሉ አጠገብ ማብራሪያ ያስቀምጣል፤ "ይህ መስመር ሁለት ቁጥሮችን ይደምራል" እያለ። ብታዪው እንዴት እንደምትስቂ እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንቺ ደግሞ አንዲት ቃል አልጽፍም ብለሽ ድርቅ! ለመንኩሽ፣ ተቆጣሁሽ፣ ኬክ ገዝቼ አባበልኩሽ።

"እትዬ፣ ኮዱ ራሱ ይናገር የለ እንዴ?" ትዪኛለሽ።

"ላንቺ ይናገራል፤ እኛንማ ዘግቶናል።"

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ እንደ ዋዛ፣ "እኛ ቤት የሚያብራራው ያጠፋ ልጅ ነበር" አልሽኝ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ፣ አባትሽ ፊት ቆመሽ፣ ስለተሰበረ ብርጭቆ ስታስረጂ ታየሽኝ። ከዚያ ወዲህ መቆጣቱን ተውኩት።

ከዚያ የሆስፒታሉ ሥራ መጣ፤ ለሕፃናት የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ፕሮግራም። አንዱ ባልደረባችን ኮድሽን ሲያስተካክል መጠኑን በግማሽ የምትቀንስ መስመር አገኘ፤ ስህተት መስላው ሰረዛት። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱት የተጻፈች መሆኗን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ደግነቱ ሆስፒታሉ ጋ ሳይደርስ፣ ገና በሙከራ ላይ እያለ ደረስሽበት። መስመሯንም ወዲያው መልሰሽ አስገባሻት።

ሥራ አስኪያጁ ግን አልማሩሽም። "ማብራሪያ ካልጻፈች ከዚህ ሥራ ትውጣ!" አሉ። እስከ ነገ ይታገሡኝ ብዬ ዋስ ሆንኩሽ፤ ወንበሬን ስቤም አጠገብሽ ተቀመጥኩ።

"ኮዱ ምን እንደሚሠራ አትጻፊልኝ፣ እሱን እናነበዋለን። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽው ብቻ ጻፊ።"

"ምን አጠፋሁና ነው ምክንያት የማቀርበው?"

"ምንም አላጠፋሽም፤ ሌላ ሰው እንዳያጠፋ ነው።"

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረሽ ጻፍሽ። "ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ኩላሊታቸው ገና አልጠነከረም። እባካችሁ ይህን መስመር አትንኩት።" ያቺ "እባካችሁ" አንጀቴን በላችው። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁምሽ! ሥራ አስኪያጁም በማግስቱ አንብበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሄዱ፤ ትውጣ የሚለው ነገርም በዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ስንሸኝሽ ሁሉም እየተነሳ ሲያመሰግንሽ፣ እኔ ጨቅጫቂዋ "በርቺ" ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ምላሴን ምን እንደያዘው እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራው ገና ሲጀመር፣ ሆስፒታሉን አይተሽ የተመለስሽ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። የምታለቅሺው እዚያ ላየሽው፣ መዳፍ ለማይሞላ የሰው ልጅ ነበር። ከዚያ ፊትሽን ታጥበሽ ወጣሽ፣ ማንንም ሳታናግሪ ተቀመጥሽ፣ ያቺን መጠኑን በግማሽ የምትቀንስ መስመር ጻፍሽ። እኔም በልቤ፣ ልጄ ብትታመም መድኃኒቷን ካንቺ በቀር ለማንም አላምንም አልኩ።

ዋስ የሆንኩሽ ለዚህ ነው።

ደህና ሁኚልኝ፣
አለቃሽ የነበርኩት፣ እትዬሽ