የጎረቤቴ ፎቅና የእኔ ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጎመኑን ውሃ አጠጣሁ። ራዲዮ ከፈትኩ፣ አልሰማ አለኝ። የጎረቤቴ የአብዱልሃሚድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያጓራል። መሃል ከተማ ፒያሳ ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አልበቃው ብሎ፣ አጥሬ ሥር ለአምስት ፎቅ አፓርታማ መሠረት ያስቆፍራል። ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። እሱ ውሃውን በሳበ ቁጥር የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ዛሬ ጣቴ ገባበት።

ከሟች ባለቤቴ ጋር በሁለት ደሞዝ ያቆምነው ቤት... ከወደቀ የት እገባለሁ?

የግንባታ ፈቃድ የሰጡትን ሄጄ ጠየቅኳቸው። "ስንጥቁ የቆየ ነው" አሉኝ። ሳያዩት!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ፈቃድ ሰጪዎቹንም አብዱልሃሚድንም ከሰስኩ። ያለ አፈር ምርመራ የተሰጠ ፈቃድ ይሻርልኝ ብዬ። ፍርድ ቤቱ ለጊዜው ሥራውን አገደ። ሞተሩ ዝም አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር... ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነርስ ሳለሁ የአብዱልሃሚድን ክትባት የወጋሁት እኔ ነኝ። እንዴት አልቅሶ ነበር!

እሁድ፣ ኅዳር 1

ከቸርች ስመለስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ በርናባስ ደጄ ላይ ቆመዋል።

"ታቢታ፣ ጎረቤት ተካሶ የት ይደርሳል? በሽምግልና እንጨርሰው።"

"ሽምግልና ግድግዳ ይደግፋል?"

ተቆጥተው ሄዱ። አብዛሁት ይሆን?

አብዱልሃሚድ መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ማንም አልደወለለትም። አናደደኝም፣ አሳቀኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የአብዱልሃሚድ አባት ጋሽ ኑሪ ሞቱ። ዛሬውኑ ተቀበሩ።

ክርስቲያንም ይሙት ሙስሊም፣ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው በእሳቸው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። የባለቤቴም ለቅሶ እዚያ ነበር። አሁን ቦታው የልጃቸው ጉድጓድ ሆኗል። ለራሳቸው ለቅሶ ድንኳን መትከያ ጠፋ።

ጋሽ በርናባስ መጡ። መሬት መሬት እያዩ፣ "ሰፊ ግቢ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ..."

ምን ይባላል? ጎመኑን ነቅዬ በሩን ከፈትኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

አብዱልሃሚድ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስንጥቁ በውጭ በኩል ከሚታይበት ግድግዳ ፊት ለፊት። እኔ አይደለሁም እዚያ ያስቀመጥኩት! ለቅሶ ደራሹ ያጽናናዋል፣ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል፣ አንገቱን ይደፋል።

ውሃ ስሰጠው፣ "እትዬ ታቢታ... እንዲህ ሆኗል እንዴ?"

"አሁን አባትህን አልቅስ" አልኩት።

አላለቀሰም። እንግዳ ሲቀበል ዋለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ችሎት። የፈቃድ ሰጪዎቹ ነገረ ፈጅ ያንኑ ደገመ፣ "ስንጥቁ የቆየ ነው።" ዳኛዋ ወደ አብዱልሃሚድ ዞሩ። ጠበቃው እጅጌውን ሲጎትተው አየሁ።

"አዲስ ነው" አለ። "ግድግዳውን የቀቡበትን ቀለም አምና የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ስንጥቁ ቀለሙንም ተርትሮታል። ለቅሶ ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ፈቃዱ ተሻረ። አፈሩ ተመርምሮ እንደ አዲስ ይጠይቅ ተባለ።

ስወጣ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ። ገባሁ።

"ፎቁን ግን እሠራዋለሁ፣ እትዬ።"

"ሥራ። ግድግዳዬን ከነካህ እከስሃለሁ።"

"ይክሰሱኝ። አባቴም ቢኖሩ ቀድመዎት ይከሱኝ ነበር..."

ድንኳን ውስጥ ያላለቀሰው፣ ባጃጅ ውስጥ ተንሰቀሰቀ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።