ዓባይ ያለው መድኃኒት

ጥር ፰ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ሰኞ

ዲማን ንፋስ ሲንጣት ዋለ። ተማሪዎቼ ጉባኤ ቃና ቆጥረው አመጡ፤ ሁለቱን አፈረስሁባቸው። አንዱ ተኮሳተረ። ደግ! የሚኮሳተር ይማራል።

ገብሳችን ተወቅቶ ገባ። ባለቤቴ የብርጓል ምሳዋን እንደ ቀረበ መለሰችው። «ጠግቤያለሁ» አለች። ከምን?

ጥር ፲፫፣ ቅዳሜ

ዛሬ መቀነቷን ስትታጠቅ አየኋት። ያ መቀነት በፊት ሦስት ጊዜ ይዞራት ነበር። አሁን አምስት… ቆጥሬው ደነገጥሁ።

ጠበሉን አጠጣኋት፣ ዳዊቱን ደገምሁላት። ከጥቅምት ጀምሮ እንዲሁ ነን። ጎረቤታችን ወለተ ጊዮርጊስ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ቁይ፣ እመት ማንጠግቦሽ ዘንድ ይውሰዷት እንጂ የኔታ! መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ ስንቱን አስነሥተዋል» አለች።

«ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» እያልሁ ስነቅፍ የኖርሁ የቅኔ መምህር፣ ዛሬ እዚያ ደጅ ልቆም? ሰው ምን ይለኛል? … ደግሞስ ሰው ምን ቢል? ሃያ ስድስት ዓመት አብረን የኖርነው እኔና እሷ ነን። እሷ ከሄደችብኝ እኔ ምን ቀረሁ?

ጥር ፲፭፣ ሰኞ

ቁይ ደርሰን መጣን። እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ጣልያኖቹ መንገድ ላይ አስቁመው ኮርቻው ሥር ሳይቀር ፈተሹ። ከዳዊቴ ሌላ ያገኙት የለም።

እንዲህ ያለ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ከጣራው ላይ ሥርና ቅጠል ተንጠልጥሏል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እመት ማንጠግቦሽ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። የብርጓልን ቁጭ አድርገው ሦስት ጣታቸውን ከእጇ አንጓ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይጸልያሉ እንዴ? የለም… የደም ሥሯን ያዳምጣሉ። ምላሷን አስወጥተው አዩ። ከዚያ ጥያቄ።

«እህል ያስጠላሻል?»

«ያስጠላታል» አልሁ።

«እንቅልፍስ?»

«ጥቂት ጥቂት» አልሁ።

«የኔታ፣ የታመሙት እርስዎ ነዎት?»

የብርጓል ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ሴትዮዋ እጇን ለቀቁና፣ «መድኃኒቷ ያለው ዓባይ ነው። እሱ ካልመጣላት አትነሣም» አሉ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ዓባይ! ልጃችን… ቅኔውን ጥሎ ደብረ ማርቆስ የጣልያን መኪና ሊጠግን ከሄደ አሥራ አራት ወሩ። «ስሙ ከቤቴ አይጠራ» ብዬ የማልሁት እኔ ነኝ። ወንዙን እንኳ «ያ ትልቁ ውሃ» ነው የምንለው። እኒህን ሴት ማን ነገራቸው? ማንም አልነገራቸውም። ሰሙ ወንዙ፣ ወርቁ ልጄ… ባንድ ቃል ወጉኝ።

ስንመለስ በቅሎዋን እየሳብሁ፣ ዞር ሳልል፣ «ዓባይን ላስጠራው?» አልኋት።

ዞሬ ባይ ታለቅሳለች።

«ስሙን ጠሩት» አለች።

ጥር ፲፰፣ ሐሙስ

ደብዳቤ ጻፍሁ። የመጀመሪያው በግእዝ ነበር፤ ቀደድሁት። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ተግሣጽ ሆነ፤ እሱንም ቀደድሁ። ሦስተኛው፦ «እናትህ ታማለች። ና። አባትህ።» «አባትህ» የምትለዋ ላይ እጄ ብዙ ቆየ። ነጋዴው ፈንታ የይለፍ ወረቀት አለው፣ ይዞልኝ ሄደ።

ጥር ፳፭፣ ሐሙስ

አልመጣም። የብርጓል ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትተኛለች። ወዳባረሩት ቤት ማን ይመጣል?

ጥር ፳፰፣ እሑድ

መጣ!

ከቅዳሴ ስመለስ ከበሩ ውጭ ቆሞ አገኘሁት። «ምነው አትገባም?» ስለው፣ «እርስዎ ሳይፈቅዱልኝ ብዬ ነው፣ አባቴ» አለ። ከስቷል። እጁ እስከ ጥፍሩ ጠቁሯል፤ የመኪና ዘይት ነው፣ አይለቅም ይላል። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንገቱን ይዤ ቀረሁ። «ግባ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች» ብቻ አልሁ።

በዚያው በጠቆረ እጁ አጎረሳት። አንድ… ሁለት… አራት… ከዚያ መቁጠሩን ተውሁት።

ጥር ፴፣ ማክሰኞ

ለእናቱ ስለ መኪና ያጫውታታል። ውሃ ይጠጣል፣ ሲደክመው ይተነፍሳል ይላታል። «ኧረ ባክህ!» ትላለች፣ ትስቃለች። እኔ ዳዊት የማነብ መስዬ አዳምጣለሁ። ምሽቱን ሙሉ አንድ ገጽ አልገለጥሁም።

የካቲት ፪፣ ሐሙስ

አንሙት የሚባል ሰው ከቁይ መጣ። በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። «እመት ማንጠግቦሽ ልከውኝ ነው። ያሉዎት ሥር ከዓባይ በረሃ መጥቷል፤ በማር በጥብጠው ያጠጧት ብለዋል።»

ሥር? … ሥር! ሴትዮዋ ሥር ነው ያሉት። ዓባይ በረሃ የሚበቅል፣ የሚማስ ሥር። ሃያ ሁለት ዓመት ቅኔ ያስተማርሁ ሰው፣ ከሌለበት ወርቅ ቆፍሬ አወጣሁ! እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ገብቼ ነገርኋት። ቁጭ ብላ ጥጥ ትባዝታለች፤ ቀና እንኳ አላለች።

«እኔማ ያን ለታውኑ ገብቶኛል። ሥሩን በሁለት ሳምንት እልካለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስሙን ሲጠሩት ሰማኋ! ሥር ነው ብልዎ መልሰው ይተዉት የለ?»

ከጎኗ ተቀመጥሁ። ጥጡን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ሥሩንም ማታውኑ ጠጣች፤ መረራት፣ እኔን እያየች ጨረሰችው።

የካቲት ፭፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። ዓባይ የተፈቀደለት ቀን አለቀና ሄደ። ሥራውን አልወደድሁለትም፣ ወደ ፊትም አልወድለትም። ነገርሁት። «አውቃለሁ፣ አባቴ። ለፋሲካ ግን እመጣለሁ» አለ።

የብርጓል በእግሯ እስከ በሩ ወጥታ ሸኘችው። እኔ ከመንደራችን በታች እስካለው ትንሽ ወንዝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ገብስና ስለ በቅሎዋ ሰኮና አወራሁለት… ሌላ ወሬ የሌለኝ ይመስል። ትከሻዬን ስሞኝ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ መሻገር ጀመረ። ከመሀል ሲደርስ አልቻልሁም።

«ዓባይ!»

ዞረ።

«ናፍቀኸኝ ነበር» አልሁት።

ውሃው ከድንጋዩ ጋር ይንጫጫል። እጁን ከጆሮው አስጠግቶ፣ «ምን አሉ፣ አባቴ?» አለ።

ማዶ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ነበሩ፣ ሁሉም ያውቁኛል። ጮኼ ደገምሁለት።