ለቆመች መርከብ የማነበው መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለው? መነጽርሽን አስቀየርሽው ወይስ አሁንም በዚያ በተሰነጠቀው ነው የምታነቢው? አባባስ እንዴት ናቸው? ትንፋሻቸው ሲቆራረጥባቸው ዝም ብለው እንዳይሸሽጉሽ፤ አመላቸውን ታውቂዋለሽ። እህቴና ልጆቿ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ያ ከአንቺ በቀር ማንንም የማይወደው ድመት ሳይቀር እንዴት ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ዛሬ ግን የሆዴን ሁሉ ልነግርሽ ስለተቀመጥኩ፣ "ደህና ነኝ" ያልኩትን እንዳለ አትውሰጂው።

ባለፈው ደብዳቤሽ "ማሙሽ ምነው ድምፁ ጠፋ? መርከብ ላይ ስልክ የለም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ መለስኩልሽ። ዋሸሁሽ፣ እማዬ። ወንድሜ ሥራ የሚባል ነገር ካየ ሰባት ወር አለፈው። የሚሠራባት መርከብ እዚህ ወደብ ፊት ለፊት መልህቋን ጥላ ቆማለች። ባለቤቷ ሠራተኞቹን ጥሎ ጠፋ፤ ፍርድ ቤቱ መርከቧ ከቦታዋ ንቅንቅ እንዳትል አገደ፤ ሕጉ ደግሞ የቆመች መርከብ ያለ ሰው አትተውም ይላል። በዚህ ምክንያት አሥራ ሁለቱም ሠራተኞች እላይዋ ላይ ቀሩ። መሬቱ ይታያቸዋል፤ መርገጥ ግን አይፈቀድላቸውም። እኔም የድሮ ሥራዬን ለቅቄ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት፣ እንዳልኩሽ የተሻለ ነገር አግኝቼ አይደለም። እሱ እዚህ መቆሙን ሰምቼ ነው።

የምሠራው የመርከበኞችን ልብስና አንሶላ የሚያጥብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላውን የምናሰጣው ጣሪያው ላይ ስለሆነ፣ ገመዱ ጋ ስቆም መርከቧ ወለል ብላ ትታየኛለች። ሆዷ ዝጓል፤ አንዳንዴ የሰው ልብስ የጠርዟ ብረት አጥር ላይ ተሰጥቶ አይና "የማሙሽ ሸሚዝ ይሆን?" እላለሁ። በመንገድ ቢሆን ሩብ ሰዓት የማያስኬድ ነው። ግን ውሃ ነው። የወደቡን ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠናሁ፤ የመርከበኞቹንም ጠበቃ ተመላልሼ አነጋገርኩ። ሁሉም ያዝንልኛል፣ ሁሉም ወንበር ይስብልኛል፣ ከዚያ ሁሉም የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ተላልፏል ይለኛል።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ መጽሐፍ አግኝቼ በደስታ አበድኩ። መርከበኞች ትተውት ከሄዱት ኮተት ውስጥ፣ ከሳሙናው ጆንያ ጀርባ ነው ያገኘሁት፤ ሽፋን እንኳ የለውም። የድሮ ዘመን የፍቅር ታሪክ ነው። የባሕር ወንበዴዎች፣ ሸራ የወጠሩ መርከቦች፣ መድፍ፣ ማዕበል፣ ምን የሌለ ነገር አለ! አንዲት የካርታ ሠሪ ልጅ አለች። አባቷ ሲሞት፣ የባሕሩን ስውር ድንጋይና ደለል በቃሏ የምታውቅ እሷ ብቻ ትቀራለች፤ ወንበዴዎቹም ጠልፈው ይወስዷታል። አለቃቸው አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። እሷ ትጠላዋለች። እኔም አብሬያት ጠላሁት። ከዚያ አንድ ቀን የሚጠጣ ውሃ እያለቀ ሲመጣ፣ የራሱን ድርሻ በጣሳ ይዞ በሯ ላይ ያስቀምጥና ሳያንኳኳ ይሄዳል።

እማዬ፣ እዚያች ላይ ስደርስ የያዝኩት ካውያ የሰው ሸሚዝ ላይ ቀረ! አለቃዬ ጭሱን አይታ እየሮጠች መጣችና "አንቺ ሴትዮ፣ ባሕር ላይ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነበር። በማን ወጣች ብለሽ ደግሞ እንዳትቆጪ። አንቺ መጽሐፍ ላይ ተደፍተሽ ድስቱ ከሰል ሲሆን፣ አባባ "ቀድሞ የሚያልቀው ምዕራፉ ነው ቤቱ?" ያሉሽን መች ረሳሁት።

ማሙሽ ስልኩን የሚከፍተው በቀን ለአንድ ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያቺን ሰዓት "በላህ ወይ? ምን አዲስ ነገር አለ?" እያልን እንገፋት ነበር። አዲስ ነገር ከየት ይምጣ? በኋላ በኋላማ ዝም ብለን ትንፋሽ ለትንፋሽ መደማመጥ ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን ዝምታው ሲያስጨንቀኝ "ቆይ፣ አንድ ነገር ላንብብልህ" አልኩትና ጀመርኩለት። ሳምንት ሳይሞላ አሥራ ሁለቱም ስልኩን ከበው ያዳምጡኝ ጀመር። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ስለሆኑ የማነብላቸው በተጻፈበት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ምላሴ ሲሳሰርብኝ ከወዲያ እየተቀባበሉ ያርሙኛል። ሽማግሌው መካኒክ "በዚህ ነፋስ ሸራ የሚዘረጋ ካፒቴን፣ ካፒቴን ሳይሆን ልብስ አስጪ ነው" ይላል። ምግብ አብሳዩ ደግሞ "ምን በልተው ነው እንዲህ የሚፋቀሩት? ደራሲው ስለ ምግብ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም!" እያለ ያማርራል። ካፒቴኑ አይስቅም፤ ነገር ግን ሰዓቱ ሲደርስ ቀድሞ ቦታ የሚይዘው እሱ ነው አለኝ ማሙሽ። ወንድሜ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። በወራት ውስጥ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር።

ባለፈው ወር ደስ የሚል ወሬ መጣ። ፍርድ ቤቱ መርከቧን ለመጠበቅ አምስት ሰው ይበቃል፣ ሰባቱ ይውረዱ አለ። ማሙሽ ከሰባቱ አንዱ ነበር። አልጋ አነጠፍኩለት፤ ካልሲ ሳይቀር አዘጋጀሁለት፤ ከጠዋት ጀምሮ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተገትሬ ዋልኩ። ጀልባዋ መጣች። ሰባት ሰው ወረደ። እሱ ግን የለም። በእሱ ቦታ የወረደው የመርከቧ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ዓይኑ የትም የማያይ፣ ሁለት ጓደኞቹ ብብቱን ደግፈው የያዙት ጎልማሳ። አንደኛው ጓደኛው እጄ ላይ ወረቀት አስቀመጠልኝ። የማሙሽ ጽሑፍ ነው። "እትዬ፣ ይሄ ሰው እዚህ ከከረመ ይሞታል። እኔ እችለዋለሁ። አትቆጪኝ" ይላል።

ተቆጣሁ እንጂ! ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደውዬ ያልወጣኝ ነገር የለም። "እናትህን ለማን ጥለህ ነው ለሰው ደግ የምትሆነው?" ሁሉ አልኩት። እማዬ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያነበብኩላቸው ምዕራፍ ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ? የወንበዴዎቹ አለቃ መርከቡ እየሰመጠች ሳለ፣ በመጨረሻዋ ጀልባ ላይ ያለውን የራሱን ቦታ ለቆሰለ ጠላቱ ይለቅለታል። ድምፄን አሳምሬ፣ ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ ነበር ያነበብኩላቸው። "በገዛ አፌ አስቀረሁህ" ብዬ አለቀስኩ። እሱ ሳቀብኝ። "እትዬ፣ ሰውዬው ከቀለም ጣሳ ጋር ማውራት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ይሄን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግም" አለኝ። ላምነው እሞክራለሁ። አንሶላ ሳሰጣ ግን ያቺ ምዕራፍ እየመጣች ትቆምብኛለች።

ባለፈው ሳምንት የታጠበ ብርድ ልብስ የሚያደርሰውን ባለ ጀልባ ለምኜ አብሬው ሄድኩ። መርከቧ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ከታች ሆኜ አንጋጥጬ አየሁት። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው መስሎ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ብርድ ልብሱን በገመድ እየሳበ ሲያወጣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ልናገር ስል ነፋሱ ቃሉን ከአፌ ነጠቀኝ። እሱም ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ፤ አንዳችን የሌላችንን አልሰማንም። ጀልባው ሲዞር እጁን ከፍ አድርጎ ቀረ። ያን ያህል ቀርቤው አንዲት ነገር እንኳ ላደርግለት አለመቻሌ አንጀቴን ቆረጠው።

መጽሐፉም አለቀ። የወንበዴዎቹ አለቃ ከመስጠም ይተርፋል፤ እሱና ካርታ ሠሪዋ በማንም ካርታ ላይ ያልሰፈረች ደሴት ደርሰው ቤት ይሠራሉ። ብቻዬን ቀድሜ አንብቤው እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! ሰኞ ላነብላቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ጠበቃው ቀጠሮው በአራት ወር መገፋቱን ነገረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ገጹን ከፈትኩ፤ አምስቱም ከወዲያ ይጠብቃሉ። ደሴቷ ብቅ ስትል አንደበቴ እምቢ አለኝ። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ማዕበል አስነሳሁና ወደ ባሕር መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከራሴ እየፈጠርኩ ነው የማነበው። በሰው ቋንቋ መዋሸት እንዴት ይከብዳል! ትናንት ሽማግሌው መካኒክ "ምነው፣ መጽሐፉ ሰሞኑን ቋንቋው ቀለለ?" አለ። የመለሰለት ካፒቴኑ ነው፤ "ዝም ብለህ ስማ፤ ታንብብ" አለው። ሳያውቁብኝ አልቀሩም።

እንዳልነግርሽ ማሙሽ አስምሎኛል፤ ብቻዬን መሸከም ግን አቃተኝ። ከዚያ ላወርደው አልቻልኩም፤ ቀኑንም ላሳጥርለት አልቻልኩም። ልክ ሠራሁ ወይስ ሰዎቹን አታለልኩ፣ አንቺው ፍረጂኝ። በእጅ ጽሕፈትሽ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊለት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አነብለታለሁ።

አባባን ሳትቸኩዪ፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ንገሪልኝ። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እህቴን "ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅር በዪኝ" በያት። ትልቋ ልጇ መጽሐፍ ማንበብ እንዳትተው፣ ትንሹም ድመቱን ጭራውን እንዳይጎትት ንገሪልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ስለ ማሙሽ ከጠየቁሽ እንደፈቀደሽ መልሺ። እኔ ግን ለዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ነፋስ መፈለግ አለብኝ። እነዚያ ሁለቱ የመጽሐፉ ፍቅረኞች ቤታቸው ገብተው፣ የእኛ ልጅ ውሃ ላይ ሲቀር ማንበብ አልቻልኩም።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከጣሪያው ላይ
የካቲት ፱ ቀን