ዋስ ይዛ መጣች

ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን 2014

ሰሚራ የምትባል ልጅ ለስፌቱ ሥራ ዛሬ ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ ሰፈር ያለው የልብስ ስፌት ሱቄ መጣች። ብቻዋን አልነበረችም። ቬርኒየ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቷ የሆኑትን ጡረተኛ፣ ጋሽ መኮንንን፣ ዋስ አድርጋ አስከትላለች። የመታወቂያቸውን ኮፒ ሳይቀር ይዘዋል። እዚህ አገር ለሥራ ዋስ የሚጠይቅ የለም ብላቸው አላመኑኝም።

የሱሪ ጫፍ እንድታጥፍ ሰጠኋት። ስፌቱን ከውጭ ብፈልገው አጣሁት። እጇ ከእጄ ይበልጣል፤ ትንሽ ቀናሁ።

ካንቶኑ፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት፣ ከዚህ በታች አይከፈልም ብሎ በሕግ የወሰነውን የደመወዝ ወለል ሳነሳ ጋሽ መኮንን ጠጋ ብለው፣ «ከሕጉ ዝቅ አድርገሽም ቢሆን ቅጠሪያት፤ ለማንም አንናገርም» አሉኝ። ተናደድኩ። እኔም ጄኔቭ የመጣሁ ሰሞን ለአንዲት ያገሬ ሰው እንዲሁ በርካሽ ሠርቻለሁ። ያኔ ሕጉ አልነበረም።

«ሕጉ ያለውን ነው የምከፍላት፣ ጋሼ» አልኳቸው። ካልኩ በኋላ ነው ያሰብኩት። ገበያው ይችላት እንደሆነ እንጃ። ለጊዜው ግማሽ ቀን ትሥራ ብዬ ሰኞ እንድትጀምር ነገርኳት።

ሲሄዱ ለዓመታት ተከድኖ የኖረውን ሁለተኛ የስፌት መኪና ገልጬ ዘይት ቀባሁት። ኮፒውን ትተውልኝ ሄደዋል። መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ወር በደረሰ ቁጥር እንደምከፍላት ዋስ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው።